ሲንግል አክሽን ሪቮልቨርን ለዕለት ተዕለት በልብስ ሥር መታጠቅ፦ ለአውራ ጣት የተተወው ሥራ

«ሽጉጥ» የሚለው ቃል መሸጎጥ ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ፣ መሣሪያውን በልብስ ሥር መያዝ ከስሙ ጋር አብሮ የተወለደ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ሽጉጥ ሁሉ ለመሸጎጥ እኩል አይመችም። ዜጎች ሽጉጥ በሥውር ታጥቀው እንዲወጡ ሕግ በሚፈቅድባት በአሜሪካ ከማይሞቱት ክርክሮች አንዱ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥሪት የሆነውን ሲንግል አክሽን ሪቮልቨር ዛሬ የዘወትር መከላከያ አድርጎ መያዝ ያስኬዳል ወይስ አያስኬድም የሚለው ነው። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ «ስድስት ጥይት ይበቃል፣ አይበቃም» በሚል ያልቃል። በእኔ አስተያየት የጥይቱ ቁጥር ከጉዳዩ ሁሉ ትንሹ ነው። ዋናው ነገር ሌሎች ሽጉጦች በራሳቸው የሚሠሩትን ሥራ ይህ መሣሪያ ለባለቤቱ አውራ ጣት መተዉ ሲሆን፣ መልካሙም ጣጣውም የሚመነጨው ከዚያው ነው።

ሪቮልቨር ጥይቶቹን የሚይዘው በካዝና ሳይሆን በሚሽከረከር ሲሊንደር ውስጥ ነው። ሲሊንደሩ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት የጥይት ቤቶች አሉት፤ አንዱ ቤት ከበርሜሉ ጋር ሲገጥም መዶሻው ከኋላ ወድቆ በቀለሁ መቀመጫ ላይ ያለችውን ካፕሱል ይመታል፣ ባሩዱ ይቀጣጠላል፣ እርሳሱም ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ሪቮልቨሮች ሁሉ አንድ ናቸው። የሚለያዩት መዶሻውን ወደ ኋላ የሚስበው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ደብል አክሽን በሚባለው ዓይነት ቃታው ሲሳብ ሲሊንደሩን ያዞራል፣ መዶሻውን ይወጥራል፣ መጨረሻ ላይም ይለቀዋል። በሲንግል አክሽን ግን የቃታው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ አስቀድሞ የተወጠረውን መዶሻ መልቀቅ። መዶሻውን በጭራው ይዞ ወደ ኋላ የሚጎትተው፣ በዚያውም ሲሊንደሩን የሚያዞረው የተኳሹ አውራ ጣት ሲሆን፣ ይህም ለእያንዳንዱ ጥይት እንደገና መደረግ አለበት።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ቃታው የሚሸከመው ሥራ ጥቂት ስለሆነ ለስላሳ ነው፤ የደብል አክሽን ቃታ በተለምዶ ከ4.5 እስከ 5.5 ኪሎ የሚደርስ ጉልበት ሲጠይቅ፣ የሲንግል አክሽን ቃታ ከ1 እስከ 2 ኪሎ በሚሆን ጉልበት ይለቃል። ሁለተኛ፣ መዶሻው ካልተወጠረ ቃታው ስንት ጊዜ ቢሳብ ሽጉጡ አይተኩስም። እነዚህን ሁለቱን አንባቢው ይያዝልኝ፤ ወደፊት እየደጋገሙ ይመጣሉ።

አሠራሩ የዘመኑ ሰዎች የተሻለ ሳያውቁ ቀርተው የመጣ አይደለም። ሳሙኤል ኮልት በአሜሪካ የሪቮልቨር ፓተንቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1836 ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ሮበርት አዳምስ ቃታው ራሱ መዶሻውን የሚወጥርበትን ሪቮልቨር በ1851 አውጥቶ ነበር። የአሜሪካ ጦር በ1873 የኮልትን ሲንግል አክሽን አርሚ ሲመርጥ ሌላው አሠራር ከ20 ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው ማለት ነው። የተመረጠው ጠንካራና ጥቂት ክፍሎች ያሉት ስለሆነ፣ ባለ 45 ካሊበር ጥይቱም ኃይለኛ ስለሆነ ነው። ለፈረሰኛው ጦር የታደለው ሥሪት በርሜሉ 7.5 ኢንች፣ ማለትም 19 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝም ነበር። ይህ በኮርቻ ላይ ተቀምጦ በግልጽ የሚታጠቁት መሣሪያ እንጂ ከኮት ሥር የሚደበቅ አልነበረም። በኋላ በስፋት የተሸጠው አጭሩ ዓይነት እንኳ 4.75 ኢንች በርሜል ነበረው። በነገራችን ላይ ኮልት የሞተው በ1862 ስለሆነ፣ ስሙን ዓለም ያወቀበትን ይህን ሽጉጥ በዓይኑ አላየውም።

በሥውር ለመታጠቅ የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ሽጉጡ በአፎቱ ውስጥ እያለ መዶሻው በምን ላይ ተቀምጧል የሚለውን ነው። በጥንታዊው የኮልት ሥሪት መቺው መርፌ ከመዶሻው ጋር አንድ ላይ የተያያዘ ነው። መዶሻው እስከ መጨረሻው ወርዶ ከሥሩ የጎረሰ ቤት ካለ፣ የመርፌው ጫፍ በቀጥታ በካፕሱሉ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ሽጉጡ ከወገብ ወርዶ በመዶሻው ጭራ ቢወድቅ፣ ወይም ጭራው በአንዳች ጠንካራ ነገር ቢመታ፣ ማንም ቃታ ሳይነካ ይተኩሳል። መዶሻውን ጥቂት ከፍ አድርጎ የሚይዝ የመጠበቂያ ጥርስ አለው፤ ነገር ግን ጥርሱም የሚይዘው የቃታው ጫፍም ቀጫጭን ብረት ናቸው፤ ኃይለኛ ምት ሊሰብራቸው ይችላል።

ይህ የደረሰበት ሰው ደግሞ ተራ ሰው አይደለም። በጥር 1876 በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ከተማ ፖሊስ የነበረው ዋያት ኧርፕ ከጥቂት ሰዎች ጋር በአንድ መጠጥ ቤት የጓዳ ክፍል ተቀምጦ ሳለ ሽጉጡ ከአፎቱ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀና ተኮሰ። የከተማው ጋዜጣ በዚያው ሳምንት እንደዘገበው፣ መዶሻው በካፕሱሉ ላይ አርፎ ስለነበር ወንበር ሳይመታው አልቀረም፤ እርሳሱ የኧርፕን ኮት በስቶ ግድግዳ ላይ ከነጠረ በኋላ በጣሪያው ወጣ። ከኮቱ በቀር የተጎዳ አልነበረም። በሽጉጥ ስሙ የገነነ ሰው ተቀምጦ እየተጫወተ ይህ ከደረሰበት፣ መኪና ውስጥ ሲገባና ሲወጣ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር፣ በመጸዳጃ ቤት ቀበቶውን ሲፈታ የሚውል የዛሬ ታጣቂ ከአደጋው የሚድንበት ምክንያት የለም።

የዘመኑ መፍትሔ ስድስት ጎራሹን በአምስት መያዝ ነበር፤ ለጥንታዊው ሥሪት ዛሬም ከዚህ የተሻለ የለም። አጎራረሱ እንዲህ ነው። መዶሻው ሲጎተት እስኪወጠር ድረስ አራት ቀጭን ቀጭ የሚሉ ድምፆች ያሰማል። ከሁለተኛው ላይ ሲቆም ሲሊንደሩ በእጅ በነፃነት ይዞራል። ከዚያ በቀኝ በኩል ያለችው ትንሿ በር ትከፈትና አንድ ጥይት ይገባል፤ ቀጣዩ ቤት ይዘለላል፤ የቀሩት አራቱ በተከታታይ ይሞላሉ። በሩ ተዘግቶ መዶሻው እስከ መጨረሻው ይጎተትና፣ በአውራ ጣት እንደተያዘ ቃታው ተስቦ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሥራው በትክክል ከተሠራ መዶሻው የሚያርፈው በተዘለለው ባዶ ቤት ላይ ነው። እዚህ ላይ እጅ አምኖ መተው አይገባም፤ ሽጉጡን ወደ ጎን አድርጎ ከሲሊንደሩ በስተኋላ ባለው ክፍተት ሲመለከቱ የቀለሆቹ ከንፈር ይታያል፤ ከመዶሻው ሥር ግን ክፍተቱ ባዶ መሆን አለበት። አንድ ቤት ተዛብቶ የተቆጠረ እንደሆነ፣ ሰውየው ባዶ ነው ብሎ ያመነው ቤት ጥይት የጎረሰ ሊሆን ይችላል።

ይህን ችግር ከሥሩ የነቀለው ለውጥ የመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው። ስተርም ሩገር የተባለው ኩባንያ በ1953 ሲንግል ሲክስን፣ በ1955 ደግሞ ብላክሆክን ሲያወጣ፣ በዚህ ረገድ ሁለቱም ከጥንቱ ኮልት እምብዛም አይለዩም ነበር። በ1973 ግን ኩባንያው አዲሱ ሞዴል የሚለውን አሠራር አስገባ። በዚህ አሠራር መቺው መርፌ በሽጉጡ አካል ውስጥ ለብቻው የሚኖር ሲሆን መዶሻው ወርዶም አይነካውም። በመካከላቸው አስተላላፊ ብረት አለ፤ ቃታው ተስቦ እስከተያዘ ድረስ ብቻ ከፍ ብሎ በመዶሻውና በመርፌው መካከል ይቆምና ምቱን ያሻግራል፤ ቃታው ሲለቀቅ ይወርዳል። ስለዚህ ሽጉጡ ቢወድቅ፣ የመዶሻው ጭራ ቢመታ፣ ምቱ ወደ መርፌው የሚደርስበት መንገድ የለውም፤ ስድስቱንም ቤት ሞልቶ መያዝ ይቻላል። ትንሿ በር ስትከፈት መዶሻው ስለሚታገድ፣ ሲሊንደሩም ስለሚፈታ፣ ለማጉረስ መዶሻውን በከፊል መጎተት አያስፈልግም።

ፈተናው አዲሱና አሮጌው በሩቁ ሲታዩ መንትዮች መሆናቸው ነው። የሩገር አሮጌ ሥሪቶች በጎናቸው ሦስት የብሎን ራሶች ሲኖሯቸው አዲሶቹ በምትካቸው ሁለት ፒን ብቻ አላቸው። ነገር ግን ኩባንያው የቀድሞዎቹን ያለ ክፍያ ተቀብሎ አዲሱን የደህንነት ክፍል ስለሚገጥምላቸው፣ ሦስት ብሎን ያለው ሁሉ አልተለወጠም ማለት አይደለም። በጣሊያን የሚሠሩት የኮልት ቅጂዎችም በደህንነት አሠራራቸው አንዱ ከሌላው ይለያያሉ። በእጁ ያለው ሽጉጥ የትኛው እንደሆነ በመሣሪያ ጠጋኝ ወይም በአምራቹ መመሪያ ያላረጋገጠ ሰው፣ እስኪያረጋግጥ ድረስ ስድስት ጎራሹን አምስት ጎራሽ ብሎ መቁጠር አለበት።

ይህ ከተስተካከለ ሲንግል አክሽን በወገብ ላይ ሳለ የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም፤ ተቺዎቹ ይህን ሲያልፉት ይገርመኛል። በሥውር የሚታጠቁ ሰዎች ራሳቸውን ከሚያቆስሉባቸው ጊዜያት አንዱ ሽጉጡን ወደ አፎቱ የሚመልሱበት ቅጽበት ነው። የሸሚዝ ጫፍ ወይም የጃኬት ገመድ ከሽጉጡ ጋር ወደ አፎቱ ይገባና ቃታው ላይ ይጠመጠማል፤ ውጫዊ መቆለፊያ የሌለው ባለ ካዝና ሽጉጥ በዚያ ጉልበት ይተኩሳል፤ አፈሙዙ የሚያየውም የባለቤቱን ጭን ነው። መዶሻው የወረደ ሲንግል አክሽን በዚህ መንገድ ሊተኩስ አይችልም፤ ቃታው ቢሳብም የሚለቀው ነገር የለምና። ከዚህም በላይ ሽጉጡን ሲመልሱ አውራ ጣትን በመዶሻው ላይ ማሳረፍ ይቻላል፤ መዶሻው ወደ ኋላ ሊንቀሳቀስ ቢሞክር ጣቱ ወዲያው ያውቃል።

መሸጎጡ ግን ራሱን የቻለ ትግል ነው። ባለ 45 ካሊበር ኮልት በአጭሩ በርሜሉም ቢሆን ሳይጎርስ 1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ዛሬ ለመሸጎጥ ተብለው የሚሠሩት ቀጫጭን ባለ 9 ሚሊሜትር ሽጉጦች ግማሹን ያህል ናቸው። የሲሊንደሩ ውፍረት ከ4 ሴንቲሜትር ይበልጣል፤ ወገብ ላይ ወጣ ብሎ የሚታየው፣ ሲቀመጡም ዳሌን የሚቆረቁረው እሱ ነው። የመዶሻው ጭራ ከፍ ብሎ የቆመ በመሆኑ ሽጉጡ ሲመዘዝ የልብስ ገበር ሊይዝ ይችላል። እጀታው ደግሞ እንደ እርፍ ወደ ታች ጎበጥ ያለ ነው። ይህ ጉብጠት ያለ ምክንያት አልተሠራም፤ ሽጉጡ ሲተኩስ ወደ ኋላ ከመግፋት ይልቅ በመዳፍ ውስጥ ወደ ላይ ይንከባለላል፣ ጭራውም ራሱ ወደ አውራ ጣት ይቀርባል። በሸሚዝ ሥር ግን የእጀታው ማዕዘን ጉብ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ጫፉ ተቆርጦ የተከበበ እጀታ ያላቸው ሥሪቶች ለዚህ አገልግሎት ይሻላሉ። ጥሩ አፎት፣ ጠንካራ ቀበቶና ሰፋ ያለ ከላይ የሚደረብ ልብስ ካለ ነገሩ ይቻላል፤ በሙቀት ወራት በአንድ ቀጭን ሸሚዝ መሞከር ግን ራስን ማሠቃየት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሽጉጡ ከአፎቱ ከወጣ በኋላ ያለው ነው። የለመደ እጅ ሲንግል አክሽንን መዝዞ የመጀመሪያውን ጥይት ለመተኮስ ከማንም አያንስም፤ ክንዱ ወደ ፊት ሲዘረጋ አውራ ጣቱ መዶሻውን ስለሚወጥር ተጨማሪ ጊዜ የሚፈጅበት እምብዛም ነው፤ ለስላሳው ቃታም ዒላማውን አያናጋበትም። ነገር ግን ራስን ለመከላከል ሽጉጥ ከተመዘዘበት አጋጣሚ ብዙው ያለ ተኩስ ያልቃል፤ አጥቂው መሣሪያውን አይቶ ይሸሻል ወይም እጁን ያነሣል። ያን ጊዜ ሰውየው በእጁ የቀረው መዶሻው የተወጠረ፣ ቃታው በ1 ኪሎ ተኩል የሚለቅ፣ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ነው፤ ልቡ ይመታል፣ መዳፉ አልቦታል፣ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሽጉጡን ለማብረድ ማድረግ ያለበት መዶሻውን በአውራ ጣት አጥብቆ ይዞ ቃታውን መሳብ ነው። ልብ በሉ፤ ተኩስ ለማስቀረት ቃታ መሳብ ማለት ነው። አውራ ጣቱ ከጭራው ቢንሸራተት፣ ቃታውም እንደተያዘ ከሆነ፣ አስተላላፊው ብረት ያለውም ቢሆን ይተኩሳል፤ ብረቱ ከፍ ብሎ የሚቆመው ቃታው በተሳበ ጊዜ ነውና። መዶሻው መውረድ ሲጀምር ቃታውን ወዲያው መልቀቅ አደጋውን ይቀንሳል፤ ይህ ግን በተረጋጋ ሰዓት በመቶ ጊዜ ልምምድ እንጂ በድንጋጤ መካከል አይገኝም። ጥንታዊው ሥሪት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል፤ መዶሻው ሲወጠር ሲሊንደሩ ስለዞረ፣ አሁን መዶሻው የሚያርፈው በባዶው ቤት ሳይሆን በጎረሰው ላይ ነው።

ደብል አክሽን ሪቮልቨር የያዘ ሰው ይህ ፈተና አይገጥመውም፤ መዶሻውን መወጠር ስለማያስፈልገው ጣቱን ከቃታው አንሥቶ ሽጉጡን መመለስ ብቻ ነው ያለበት። ፖሊሶች ሪቮልቨር ይታጠቁ በነበረበት ዘመን የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ሪቮልቨሮቹን በደብል አክሽን ብቻ እንዲተኩሱ ማስለወጡ ያለ ነገር አልነበረም። የተወጠረ መዶሻና ለስላሳ ቃታ ሰው ላይ ሲደገን ያልታሰበ ተኩስን እንደሚጋብዝ ከሥራቸው ተረድተውታል።

የሁለተኛው ጥይት ነገርም አለ። በሁለት እጅ የሚተኩስ ሰው መዶሻውን በደጋፊው እጅ አውራ ጣት እየወጠረ ሳይዘገይ መቀጠል ይችላል። አንዱ እጅ ቢቆስል፣ ልጅ ቢይዝ ወይም አጥቂውን የሚገፋ ቢሆን ግን፣ የተኳሹ እጅ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ የእጀታውን አያያዝ ላላ አድርጎ ጭራውን መፈለግ አለበት። ስለ ማጉረስ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቀለሆቹ አንድ በአንድ በዘንግ እየተገፉ በትንሿ በር ይወጣሉ፣ ጥይቶቹም አንድ በአንድ ይገባሉ። ግጭት እየተካሄደ ይህን የሚጨርስ ሰው የለምና፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ያለው ነው።

ክብደቱንና ውፍረቱን ለመሸሽ ብለው አንዳንዶች ወደ ትንንሾቹ ይዞራሉ። ኖርዝ አሜሪካን አርምስ የሚሠራቸው ባለ 22 ካሊበር አምስት ጎራሾች ከሲንግል አክሽን ቤተሰብ ናቸው፤ ትንሹ በርሜሉ 3 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም፣ ክብደቱም 130 ግራም ገደማ ነው፤ በእጅ መዳፍ ውስጥ ይጠፋል። የጎረሱት አምስቱም ቤቶች ሳይጎድሉ መዶሻው በሁለት ቤቶች መካከል ባለች ስንጥቅ ውስጥ ስለሚያርፍ፣ የኧርፕ ዓይነቱ አደጋ ታስቦበታል። ነገር ግን ለአውራ ጣት የተተወው ሥራ እዚህ ይብስ ይከብዳል፤ ጭራዋ እጅግ ትንሽ ናት፣ እጀታው ከሁለት ጣት በላይ አያስይዝም፣ ቃታውም ከለላ የለውም። ያላበው ጣት ያን መዶሻ ሲያበርድ ማየት ምቾት አይሰጥም። ሌላ ምንም መያዝ ለማይችል ሰው የመጨረሻ አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ አልፎ መሄዱን አልደግፍም።

ሕጉን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2022 በብሩን ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ራስን ለመከላከል ከቤት ውጭ ሽጉጥ መያዝ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መብት ነው ብሏል። ከ50ዎቹ ግዛቶች ከግማሽ የሚበልጡት በሥውር ለመታጠቅ ፈቃድ ማውጣትን አያስገድዱም፤ የቀሩት እንደየግዛቱ ሥልጠና፣ የጣት አሻራ ወይም የጀርባ ማጣራት የሚጠይቁ ናቸው። አንዱ ግዛት የሰጠው ፈቃድ ከጎረቤቱ ላይሠራ ይችላል፤ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ደግሞ የየትኛውም ግዛት ፈቃድ አያስገባም። ሕጉ ባጠቃላይ ሲንግል አክሽንን ከሌላው አይለይም። ልዩነቱ የሚመጣው ከተኩስ በኋላ በሚደረግ ምርመራ ነው፤ መዶሻውን አስቀድሞ የወጠረ ሰው፣ «አስቦ ተኮሰ ወይስ አመለጠው?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ሁለቱ መልሶች በሕግ ፊት የሚያስከትሉት ነገርም የተለያየ ነው።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? በዱርና በእርሻ ውሎ፣ አውሬ ሊገጥመው በሚችልበት ስፍራ የሚንቀሳቀስ፣ ቀኑን ሙሉ በልብስ ሥር መደበቅ የማያስጨንቀው ሰው ከዚህ ሽጉጥ ብዙ ይጠቀማል፤ ኃይለኛ ጥይት ይጎርሳል፣ አቧራና ጭቃ ይችላል። ሌላው ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ በዚህ ዓይነት ሽጉጥ ሲተኩስ ያደገ፣ እጁ ሳያስብ የሚሠራ ሰው ነው፤ እሱን አዲስ መሣሪያ ያዝ ማለት የለመደውን እጅ ማስረሳት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያ ሽጉጡን ለከተማ ኑሮ ለሚገዛ ሰው ግን ተራ ደብል አክሽን ሪቮልቨር ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ፍቅሩ አልለቅ ብሎት ይህንኑ ልታጠቅ የሚል ካለ፣ ሽጉጡ አስተላላፊ ብረት ያለው፣ በርሜሉ አጭር፣ አፎቱም ቃታውን በሙሉ የሚሸፍን ይሁን። ልምምዱን ደግሞ ከዒላማ መምታት አይጀምር። ባሩድም ካፕሱልም የሌላቸውን የልምምድ ጥይቶች ያጉርስ፣ እውነተኛዎቹን በሌላ ክፍል ይተው፣ አፈሙዙን ጥይት ሊያቆም ወደሚችል ግድግዳ ያዙር። ከዚያ ይምዘዝ፣ መዶሻውን ይወጥር፣ ሳይተኩስም ያብርድ። ይህንኑ በግራ እጁ፣ በረጠበ እጁ፣ ደረጃ ሮጦ ወጥቶ እያለከለከ ይድገመው። መዶሻው አንዴ እንኳ ከጣቱ አምልጦ ከወደቀ፣ እውነተኞቹ ጥይቶች ለጊዜው ከሌላው ክፍል አይውጡ።